የአለቃ ገብረ ሐና ታሪክ

በጎጃም ደጋ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ አንሥቶ እስከ ዓባይ አፋፍ ድረስ፣ ከጥንት ጀምሮ የቅኔ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ የሚባሉት ስፍራዎች ስማቸው በኢትዮጵያ ሁሉ የታወቀ ነው። ቅኔ ለመማር የሚፈልግ ልጅ ከትግራይም፣ ከሸዋም፣ ከበጌምድርም ለምዱን ለብሶ፣ አኮፋዳውን በትከሻው አንጠልጥሎ ወደዚህ አገር ይመጣ ነበር። በየደጃፉ እየቆመ ቁራሽ እንጀራ ይለምናል፤ ውሻ ሲመጣበት በበትሩ ይከላከላል፤ ማታም ከጎጆው ገብቶ ያገኘውን ከባልንጀሮቹ ጋራ ተካፍሎ ይበላል። ከእነዚህ ተማሪዎች አንዱ ገብረ ሐና የሚባል የፎገራ ልጅ ነበረ።

ገብረ ሐና የተወለደው በ1814 ዓ.ም. ግድም በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ በሚባል አገር ነው። ፎገራ ከጣና ባሕር በስተምሥራቅ ያለ ሜዳ ነው። በክረምት ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ውኃው ሲሸሽም ለከብት የሚሆን መልካም ሣር ይበቅልበታል፤ ስለዚህ የፎገራ ላም በወተቷ የተመሰገነች ናት። ልጁ በዚሁ አገር ፊደል ቆጠረ፤ ንባብንና ዳዊትን ተማረ። ከዚያም በኋላ ዓባይን ተሻግሮ ቅኔ ለመማር ወደ ጎጃም ገባ።

ቅኔ ምን እንደ ሆነ ያልተማረ ሰው ግጥም ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ቅኔ በግዕዝ ቋንቋ የሚደረስ፣ በልክና በዜማ የተወሰነ፣ ሁለት ነገር በአንድ ቃል የሚናገር ነው። አንጥረኛ ጌጥ ሊሠራ ሲፈልግ አስቀድሞ መልኩን በሰም ይቀርጻል፤ በሰሙ ላይ ጭቃ ይመርግበታል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙም በነበረበት ባዶ ስፍራ የቀለጠ ወርቅ ያፈስበታል። በቅኔም ላይ ላዩን የሚሰማው ነገር ሰም ይባላል፤ ከውስጥ የተሰወረው ነገር ወርቅ ይባላል። ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃናን ይቀኛል፤ ቀጥሎ ሦስት ቤት ያለውን ዘአምላኪየን፣ ኋላም ስድስት ቤት ያለውን ሥላሴን፣ ስምንት ቤት ያለውን መወድስን ይቀኛል። ጧት ከሰው ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ተቀምጦ ቃሉን ሲያወጣና ሲያወርድ ይቈያል፤ ከዚያም ወደ መምህሩ ሄዶ ይነግራል። መምህሩም ስሕተቱን ያርምለታል፤ ያልተማረ ነገር ቢያመጣም በባልንጀሮቹ ፊት ያሳፍረዋል። በዚህ ዓይነት ብዙ ዓመት የቈየ ሰው ምላሱ እንደ ተሳለ ቢላዋ ይሆናል።

መወድስ ማለት የሚያመሰግን ማለት ነው። የቅኔ ሥራው ዋናው ምስጋና ነውና። ሊቁ በማኅሌት ላይ አስቀድሞ እግዚአብሔርን፣ ቀጥሎም በዓሉ የዋለለትን ቅዱስ ያመሰግናል፤ ንጉሥ ወይም መኰንን በዚያ ቢገኝም ስሙን ከምስጋናው ውስጥ ያገባዋል። ይሁን እንጂ ወርቁ ከሰሙ በታች የተሰወረ ስለ ሆነ፣ የሚያመሰግን የሚመስል ቅኔ ከውስጡ ወቀሳ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ያላስተዋለ መኰንን ተመሰገንሁ ብሎ ደስ ይለዋል፤ ያስተዋለው ግን አንገቱን ይደፋል። በጎጃም አደባባይ ሊቃውንቱ ስለዚህ ነገር ይፈሩ ነበር፤ ይወደዱም ነበር።

በቤተ መንግሥት ፊት ማመስገንና መስደብ በአንድ አፍ መኖሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በቱርክ አገርም ባለቅኔዎች ለሱልጣኑና ለባለሟሎቹ ቃሲዳ የሚባል ረዥም የምስጋና ግጥም እየደረሱ ወርቅና ሹመት ይቀበሉ ነበር። ከእነርሱም አንዱ ነፍዒ የሚባል፣ ከኤርዙሩም አውራጃ የመጣ ሰው፣ በምስጋና የሚተካከለው ያልነበረ ሆኖ ሳለ ለሽሙጥም እንደዚያው የበረታ ነበረ። የሽሙጥ ግጥሞቹንም ሰብስቦ የዕጣ ፍላጾች ብሎ ሰየማቸው። ፍላጾቹም ታላላቅ መኳንንትን ብቻ ሳይሆን የገዛ አባቱንም ወጉ። ሱልጣን ሙራድ አራተኛ ይህን ሰው እጅግ ይወዱት ነበር፤ ሽሙጡን እንዲተው ቢያዝዙት ግን መተው አልቻለም። በመጨረሻም ባይራም ፓሻ የሚባለውን ታላቅ ሹም ስለ ሰደበ፣ በ1627 ዓ.ም.፣ ይህም በአውሮጳ አቈጣጠር በ1635 ማለት ነው፣ ታንቆ ተገደለ። ያን ሁሉ ዓመት ለሱልጣኑ የደረሰው ምስጋና ከአንድ ስድብ አላዳነውም። እንግዲህ ገብረ ሐና የተማረው ሙያ እንደዚህ ያለ አደጋ ያለበት ነበረ።

ገብረ ሐና ቅኔውን ከጎጃም ከፈጸመ በኋላ አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር ሄደ። አቋቋም ማለት ካህናት በማኅሌት ቆመው በጸናጽል፣ በመቋሚያና በከበሮ እግዚአብሔርን የሚያመሰግኑበት ሥርዓት ነው። ጎንደር በዚያን ጊዜ የነገሥታቱ ኃይል ደክሞ መሳፍንቱ የሚዋጉባት ከተማ ብትሆንም የሊቃውንት መናኸሪያነቷ አልቀረም ነበር። ገብረ ሐና ከዚያ በርትቶ ተማረ፤ ገና ወጣት ሳለም በበአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን መምህር ሆነ፤ አለቃም ተባለ። ፍትሐ ነገሥት የሚባለውንም የሕግ መጽሐፍ ጠንቅቀው ያወቁ ስለ ነበሩ በፍርድ ነገር ይጠየቁ ነበር ይባላል።

አለቃ ገብረ ሐና ግን ከዕውቀታቸው ይልቅ በቀልዳቸው ታወቁ። በሰው ፊት አንድ ነገር ሲያዩ ወይም ሲሰሙ፣ ሌላው ሰው ነገሩን ገና ሳያስተውለው፣ እርሳቸው ሁለት ፍች ያለው ቃል ተናግረው ይጨርሳሉ። ይህም ከጎጃም የቅኔ ቤት ያገኙት ሀብት ነው፤ ግዕዙን ትተው በአማርኛ ሠሩበት እንጂ ጥበቡ ያው የሰምና የወርቅ ጥበብ ነበረ።

በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ነገሡ። ንጉሡ ጀግና፣ ሥራ ወዳድና ቁጡ ነበሩ። ካህናቱ እጅግ መብዛታቸውንና ብዙ መሬት መያዛቸውን አይተው፣ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የቀረው እያረሰ ይገብር ብለው አሰቡ። ካህናቱ ይህን በሰሙ ጊዜ እጅግ ተቈጡ፤ በንጉሡና በካህናቱ መካከልም ክርክርና ጠብ ሆነ። ደብተራ ሁሉ እንጀራው የተነካበት ስለ ሆነ በየማኅሌቱ በሰም እየሸፈነ መናገር ጀመረ። የአለቃ ገብረ ሐና አፍም በዚህ ጊዜ አልተዘጋም።

ዐፄ ቴዎድሮስ የአለቃን ዕውቀት ይወዱ ነበር፤ ቀልዳቸውን ግን አይወዱም ነበር። እንደሚነገረው ንጉሡ አለቃን አስጠርተው፣ የሕጉን መጽሐፍ እንዲመረምሩ፣ ፍርድም እንዲሰጡ፣ ገንዘብም እንዲቀበሉ ፈቅደው፣ ቀልዱን ብቻ እንዲተዉ አዘዙአቸው። ለሌላ ሰው ይህ መልካም ዕድል በሆነ ነበር። ገንዘብ አለ፤ ክብር አለ፤ የሚጠየቀው ነገር ዝምታ ብቻ ነው። ለአለቃ ግን ዝም ማለት ከሁሉ የከበደ ግብር ሆነባቸው። በንጉሡ ፊት የሚያመሰግን እንጂ የሚናገር ሰው ጥቂት ነበረ፤ ንጉሡም ከጊዜ ወደ ጊዜ ቍጣቸው እየበረታ ሄደ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠሉ። ከነገሡ ጀምሮ እስከ ሞቱበት እስከ 1860 ዓ.ም. ድረስ ብዙ ሰው በቃሉ ምክንያት ታሰረ፤ ሞተም።

አለቃ ገብረ ሐና ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ባዩ ጊዜ ከጎንደር ሸሹ። በጣና ባሕር ውስጥ ካለችው ደሴት፣ ከሬማ መድኃኔ ዓለም ገዳም ተጠግተው ተቀመጡ ይባላል። ከቤተ መንግሥቱ ጫጫታ፣ ከግብሩና ከሸንጎው ተለይተው፣ ከመነኮሳት ጋራ መኖር ለእንደዚህ ያለ ሰው ምን ያህል ያስቸግር እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። የሚሣቅበት መኰንን የለም፤ የሚሥቅም የለም። ያለው ባሕሩና ደንገሉ ብቻ ነው።

ነገር ግን በሕይወታቸው ሁሉ ከሠሩት ሥራ የሚበልጠው በዚያ ተጀመረ። ማለዳ ነፋስ ሲነሣ የጣና ማዕበል ከሩቅ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ከዳር ሲደርስ ከፍ ይላል፤ ድንጋዩን መትቶ ይመለሳል፤ ሌላውም ይከተለዋል። በዳር የበቀለው ደንገል ማዕበሉ ሲመጣ ወዲህ፣ ሲመለስ ወዲያ ያዘነብላል፤ ግን አይሰበርም። አለቃ ይህን እየተመለከቱ፣ ካህናት በማኅሌት ሲቆሙ ሰውነታቸው እንዲሁ ቢወዛወዝ፣ መቋሚያውም እንዲሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቢዘም፣ ምስጋናው ምን ያህል ባማረ ነበር ብለው አሰቡ ይባላል። ስለዚህ የአቋቋሙን ስልት ለውጠው አዲስ አካሄድ አወጡ፤ ጸናጽሉ ከእግሩ ጋራ፣ እግሩም ከከበሮው ጋራ እንዲስማማ አደረጉ።

ይህን ይዘው ብቅ ባሉ ጊዜ የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። ከአባቶቻችን የተቀበልነውን ሥርዓት አንድ ቀልደኛ ሊለውጠው አይገባም ብለው ናቁት። በዚህ ነገር ሊቃውንቱን ብቻ መውቀስ አይገባም። አለቃ ሁልጊዜ ሲያሥቁ የኖሩ ስለ ሆኑ፣ ቁም ነገር ይዘው ሲመጡ ያውም ቀልድ መሰለባቸው። በጎችን ለማዳን እየጮኸ ሲቀልድ የኖረ እረኛ፣ ተኵላ በእውነት በመጣ ጊዜ የሚሰማው እንዳጣ ሁሉ ማለት ነው። አለቃም አልተከራከሩም። ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌም በደብረ ታቦር ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ለሌሎች አስተማረ፤ ካህናቱም ወደዱት፤ ደብረ ታቦርም የዚህ አቋቋም ዋና ትምህርት ቤት ሆነች።

ስለ አለቃ ቀልድ የሚነገረው ብዙ ነው። አንድ ቀን ከአንድ ሰው ቤት በእንግድነት ገቡ አሉ። የቤቱ እመቤት መሶቡን ስትከፍት አይጥ ከውስጡ ዘላ ወጣች። ሴትዮዋ እንግዳው ያላየ መስሏት ዝም አለች፤ እንጀራውንም አቀረበች። አለቃም ዝም ብለው በሉ፤ ጠጡም። ከማዕድ ሲነሡ ግን እንደ ደንቡ ቤቱን በግጥም መረቁ፤ በምርቃቱም ውስጥ እንጀራውንና ወጡን ሲያመሰግኑ አይጢቱንም ከምስጋናው አልለዩአትም። እመቤቲቱ አፈረች፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ሣቀ። ይህ ቀልድ ማንንም አልገደለም፤ የምግብ ዕቃን ከድኖና አጽድቶ መያዝ እንደሚገባም ከረዥም ተግሣጽ ይልቅ አስታወሰ።

ሌላው ግን እንዲህ አይደለም። አለቃ በመንገድ ሲሄዱ አህያ የሚነዱ ሴቶች አጋጠሟቸው። ሴቶቹ ከሩቅ አገር ሸክም ጭነው የሚመጡ፣ አቧራ የለበሱ ድኾች ነበሩ። አለቃ ዝም ብለው ማለፍ ሲገባቸው፣ የአህያ እናቶች ብለው ሰላምታ ሰጧቸው። ሴቶቹም ሳይቈጡ፣ እንደ እናት ሆነው፣ ልጃችን ብለው በደኅና መለሱላቸው። ቤተ መንግሥት ያልገቡ፣ ቅኔ ቤት ያልዋሉ ሴቶች፣ ነገሥታት ያላሸነፏቸውን ሰው በአንድ ቃል አህያ አድርገዋቸው ሄዱ። አለቃ መልስ አላገኙም። ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ ደጋግሞ የሚያወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ኃይለኛውን ሰው በቀልድ መንካት ድፍረት ይጠይቃል፤ ደክሞት በመንገድ የሚሄደውን ድኻ መንካት ግን ምንም አይጠይቅም።

ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ከነገሡ በኋላ አለቃ ገብረ ሐና ወደ ሸዋ መጥተው በቤተ መንግሥት ታዩ። ዐፄ ምኒልክ ጨዋታ የሚወዱ፣ ታጋሽ ንጉሥ ነበሩ። በዚህ ዘመን በየትልቁ ሰው አዳራሽ አዝማሪ አይታጣም ነበር። በጎጃምም፣ በ1873 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በደብረ ማርቆስ፣ ያን ጊዜ ምንቆረር በምትባለው ከተማ፣ ግብር ሲያበሉ ሊቃውንቱ ቅኔ ይቀኛሉ፤ አዝማሪውም ማሲንቆውን ይዞ ይቆማል። አዝማሪ የሸለመውን ያመሰግናል፤ የነፈገውን በሰም ሸፍኖ ይሰድባል። አለቃ ግን የአዝማሪ ዓይነት ሰው አልነበሩም። አዝማሪው የሚናገረው በዋጋ ነው፤ እርሳቸው ያለ ዋጋ፣ እንዲያውም እየከሰሩ ይናገሩ ነበር። የቃሉ አደጋ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ኢጣልያኖች አገራችንን በያዙ ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም.፣ የግራዚያኒ መንግሥት አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን ከሽፍታ ቈጥሮ እንዲገደሉ አዘዘ፤ መድፍና አውሮፕላን ያለው ሰው ማሲንቆ ፈራ።

እቴጌ ጣይቱ የጎንደር ወግ የሚያውቁ፣ ሰምን ከወርቅ መለየት የማያዳግታቸው እመቤት ነበሩ። ስለዚህ የአለቃ ሽሙጥ በእቴጌ ፊት አይሰወርም ነበር። ዐፄ ምኒልክ ሥቀው የሚያልፉትን ነገር እቴጌ አያልፉትም ነበር ይባላል፤ አለቃም አንድ ጊዜ ከልክ ያለፈ ነገር ተናግረው አስቈጧቸው። እንደ ቱርኩ ባለቅኔ አልታነቁም፤ ግን ከቤተ መንግሥቱ ሸሽተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በወጣትነታቸው ከአንድ ንጉሥ ሸሽተው ነበር፤ በሽምግልናቸውም ሁለተኛ ሸሹ። በመካከሉ ያለፈው ዘመን ምላሳቸውን አላለዘበውም።

በስማቸው የሚነገረው ሁሉ የርሳቸው ነው ማለት አይቻልም። በኢትዮጵያ አንድ ሰው ጥሩ ቀልድ ሲሰማ ባለቤቱን ካላወቀ ለአለቃ ገብረ ሐና ይሰጠዋል፤ ወንዝ ሁሉ ወደ ዓባይ እንደሚገባ፣ ቀልድ ሁሉ ወደ እርሳቸው ገባ። ከእነዚህም አንዳንዱ ከሞቱ በኋላ በመጣ ነገር ላይ የተነገረ ነው፤ አንዳንዱም ለሕፃናት የማይነበብ ባለጌ ንግግር ነው። ፍትሐ ነገሥት የመረመረ፣ መወድስ የተቀኘ ሊቅ ለዚህ ሁሉ ተጠያቂ መሆኑ ያሳዝናል፤ ነገር ግን የሣቅን በር የከፈተ ሰው ማን እንደሚገባበት መምረጥ አይችልም።

አለቃ ገብረ ሐና በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በሸመገለ ዕድሜ በተወለዱበት በናበጋ ዐረፉ። ፎገራ በክረምት እንደ ድሮው ውኃ ይሞላበታል። በደብረ ታቦርም በበዓል ቀን ካህናቱ በሁለት ወገን ተሰልፈው ሲቆሙ፣ ከበሮው ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ መቋሚያዎቹ አንድ ላይ ወደ ግራ፣ አንድ ላይ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፤ ጸናጽሉም እንደ ውኃ ድምፅ ይሰማል። ያን አቋቋም ሰው ሁሉ በልጃቸው ስም ተክሌ ብሎ ይጠራዋል። በአለቃ በራሳቸው ስም የሚጠራው ቀልዱ ነው።